ካቻቢቴ ሳላነሳ ፕሮሰሰሬን ያቀዘቀዝኩበት መንገድ

ዴስክቶፔ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ከዚያ መሃል ላይ ይንቀረፈፋል። የጠረጠርኩት ሙቀትን ነው። ኬዙን ከመፍታቴ በፊት ግን በሶፍትዌር ብቻ ምን ያህል ርቀት እንደሚኬድ ለማየት ፈለግኩ።

ኤች ደብሊው ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ለብቻው የሚሠራ ክፍል) ፍጥነት፣ ቮልቴጁንና የሚበላውን ዋት ያሳያል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ 40 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ኤክስፖርት ስጀምር 100 ይነካል። ብዙ የኢንቴል ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች እዚያ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ለካ መንቀርፈፉ ከዚህ ነው። ሥራ ሳይኖረው 70 እና 80 ቢያሳየኝ ኖሮ ግን ሶፍትዌሩን ትቼ አቧራውንና በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን፣ ሲቆይ የሚደርቀውን ፔስት አይ ነበር።

ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብቼ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አጠፋሁ። ለኤክስፖርቱ ጠብ ያለ ነገር የለም።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚመክረውን ሞከርኩ። ኮንትሮል ፓናል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ። አንድ በመቶ ትመስላለች፤ ግን በብዙ ማሽኖች ላይ ተርቦ ቡስትን፣ ማለትም ሥራ ሲበዛ ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን ስልት፣ ጨርሳ ታጠፋዋለች። ሙቀቱ ወደ 60ዎቹ ወረደ። ኤክስፖርቱም አብሮ ተጎተተ። ለጽሑፍ ሥራና ለብሮውዘር ይህ ይበቃል ባይ ነኝ። ለቪዲዮ ግን አልተመቸኝም፣ መለስኩት።

ነገሩ የገባኝ ቮልቴጁን ሳይ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ደግሞ በስኩዌር ያድጋል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ቢቀንስ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ፣ ለሥራው የሚበላው ኃይል በ19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜጋኸርዞች ደግሞ ያለ ከፍተኛ ቮልቴጅ አይገኙም። ሙቀቱ በአብዛኛው የእነሱ ዋጋ ነው። ተርቦን ማጥፋት ሳይሆን ጫፉን መቁረጥ ነበር የሚያስፈልገኝ።

የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅና ዋት ለመለወጥ የሚያገለግለውን የኢንቴል ፕሮግራም፣ ኤክስትሪም ቱኒንግ ዩቲሊቲን ከፈትኩ። የቮልቴጅ ማውረጃው ተቆልፏል። በ2019 ፕለንደርቮልት የተባለ፣ ቮልቴጅ በማውረድ የሚሠራ ጥቃት ይፋ ከሆነ በኋላ በብዙ ማሽኖች ላይ ተዘግቷል። አንዳንድ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ላይ መልሶ መክፈት ይቻላል። እኔ ግን ለጥቂት ዲግሪ ብዬ የደኅንነት በር አልከፍትም። ያልተቆለፈበት ሰው 10 ሚሊቮልት፣ 10 ሚሊቮልት እያለ ይቀንስ፤ በየደረጃውም ፕሮሰሰሩን በሥራ በሚያስጨንቁ እንደ ሲኒቤንች ወይም ፕራይም 95 ባሉ ፕሮግራሞች ይፈትን። ማሽኑ ድርቅ ካለ ወይም ራሱን ካጠፋ አንድ ሁለት ደረጃ መመለስ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፋይሎቹን ባክአፕ ያድርግ።

ለእኔ የቀረልኝ የዋት ገደብ ነበር። ብዙ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰሩ አምራቹ ካስቀመጠው በላይ እንዲበላ ይለቁታል። የረጅም ጊዜና የአጭር ጊዜ የሚባሉ ሁለት ገደቦች አሉ። በዚያው የኢንቴል ፕሮግራም ሁለቱንም 95 ዋት ላይ አሰርኳቸው። ከዚያ በኋላ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ያመጣጥናል። አንድ ኮር ብቻ የሚፈልግ ሥራ ሲመጣ አሁንም ተርቦው ይነሳል። ሙቀቱ 80 ሳይሞላ ይቆማል። ኤክስፖርቱ ትንሽ ዘገየ፤ ሰዓት ይዤ ባልለካው ግን አላውቀውም ነበር። ራይዘን የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ኢኮ ሞድ የሚባለውን የኃይል መቀነሻ ቢያበራ ተመሳሳይ ውጤት ያገኛል። ከራይዘን 7000 አንዳንዶቹ ግን ሥራ ሲበዛባቸው 95 ዲግሪ ድረስ እንዲሄዱ ታስበው የተሠሩ ስለሆኑ ቁጥሩ ብቻ አያስደንግጠው።

አንድ ያበሳጨኝ ነገር አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ገደቡ አንዳንዴ ወደ ነበረበት ይመለስ ነበር። በመጨረሻ ቁጥሩን ራሱ ባዮስ ውስጥ አስገባሁትና ፕሮግራሙን አጠፋሁት።