አምባዛና ትንንሾቹ ዘመዶቹ

ዛሬ ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚበልቱበት ጋ ቁጭ ብዬ አንዱ ልጅ አምባዛ ሲገፍ እያየሁ ነበር፣ ስምንቱ ጺሙ አሁንም ይንቀሳቀሳል ጉድ እኮ ነው 😄 ጓደኛዬ ደግሞ በስልኩ ቺሎግላኒስ የሚባሉትን አሳየኝ፣ አፍሪካ ውስጥ ብቻ ያሉ የአምባዛ ሩቅ ዘመዶች ናቸው፣ ከ50 በላይ ዝርያ አላቸው፣ አብዛኞቹ 10 ሴንቲሜትር እንኳን አይሞሉም፣ ግን የሚኖሩት በኃይል የሚፈስ ውሃ ውስጥ ነው! ከንፈራቸው ክብ ሆኖ ልክ እንደ ቬንቶሳ (መስታወት ላይ ተጭኖ የሚለጠፈው ጎማ) ድንጋዩ ላይ ጥብቅ ይላል፣ ውሃው አይወስዳቸውም፣ እዛው ተለጥፈው ድንጋዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ነገር እየፋቁ ይበላሉ። የኛው አምባዛማ ጭቃ ውስጥም አየር እየሳበ ይኖራል (ለዛ ነው ከውሃ ወጥቶም ቶሎ የማይሞተው)።

እናቴ አምባዛ ቅርፊት የለውም ብላ ቤት አታስገባም፣ እነዚህም የላቸውም ስላት "እና ምን ብለህ ታሳየኛለህ ታዲያ" 😂