ቆሞ የከረመው ሞተር

ሁለት የውኃ ፓምፖች ነበሩን። አንዱ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ሌላው ተጠባባቂ ነው። የሚሠራው ቤሪንጉ ሲበላሽ፣ ለዓመታት ቆሞ የከረመውን ማስነሳት ግድ ሆነ።

መጀመሪያ ኢንሱሌሽኑን፣ ማለትም ከረንት ከሽቦው እንዳይወጣ የሚከለክለውን ሽፋን፣ በመፈተሻው መሣሪያ በሜገር ለካነው። 500 ቮልት ሰጥተን ያገኘነው ከ1 ሜጋ ኦም በታች ነበር። ለእንዲህ ያለ አነስተኛ ቮልቴጅ ሞተር ቢያንስ 5 ይጠበቃል፤ ጤነኛው ደግሞ ከመቶ በላይ ያነባል። በሞቃት አየር ቀስ እያልን አደረቅነው። ቸኩሎ ማጋል አደጋ አለው፤ ውስጥ የገባው ውኃ በአንዴ ሲተን ኢንሱሌሽኑን ይሰነጥቀዋል። ሲቀዘቅዝ ለካነው፤ ንባቡ በጣም ጥሩ ሆነ። ሁሉም ደስ አለው።

ዋና ቴክኒሻናችን ግን ‹‹ይከፈትና ዋይንዲንጉን፣ የሽቦ ጥቅልሉን፣ እንየው›› አሉ።

‹‹ደርቋል እኮ!›› አላቸው የምርት ኃላፊው።

‹‹ውኃው ወጥቷል። የሠራው ሥራ ግን አብሮት አልወጣም።››

ጊዜ የለም ተባለና ተነሳ። ጥቂት ሳምንታት ሠራ። ከዚያ ቆሞ ያደረበት አንድ እርጥብ ሌሊት መጣ፤ ጠዋት ሲነሳ ብሬከሩ ወዲያው ወደቀ። ዋይንዲንጉ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ተቃጥሏል።

ስንከፍተው ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽ ተሰነጣጥቋል። አቧራው ከእርጥበት ጋር ተቦክቶ እንደ ጭቃ ደርቋል። በላዩ ላይ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ነበሩ፤ ፍሳሽ ከረንት ያከሰላቸው መንገዶች ናቸው። ስንጥቅ በደረቅ ጊዜ በሜገር ላይታይ ይችላል፤ አየር ራሱ ይከላከላልና። እርጥበት ሲመለስ ግን ውኃው ከአቧራው ጨው ጋር ሆኖ ለከረንት መንገድ ይከፍታል። በኋላ ሳስበው፣ የቴክኒሻኑ ጥያቄ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር።

የሚያናድደው ሞተሩ የራሱ ሂተር ነበረው። ሞተሩ ሲቆም እየበራ ዋይንዲንጉን ከአካባቢው አየር ከ5 እስከ 10 ዲግሪ አብልጦ ያሞቀዋል፤ ጤዛ እንዳይዝ። ‹‹ለቆመ ሞተር መብራት ምን ያደርጋል?›› ተብሎ ገመዱ ተነቅሎ ነበር። መከላከያ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ለቆመው ነው፤ የሚሠራው በራሱ ሙቀት ይደርቃል።

ሞተሩ ሪዋይንድ ተደርጎ፣ ማለትም ሽቦው እንደ አዲስ ተጠቅልሎ፣ ሲመለስ ሂተሩ መጀመሪያ ተገናኘ። ፓምፖቹም በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ። የሜገር ንባብ ሲመዘገብ የዋይንዲንጉ ሙቀት አብሮ ይጻፋል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ንባቡ በግማሽ ገደማ ስለሚወርድ፣ ያለ ሙቀቱ የዛሬውን ከአምናው ጋር ማወዳደር አይቻልም።