«ዙር» በለኝ

ልጁ «ያዙሩት ጋሼ!» ብሎ እስኪጨርስ በሪሞት የማበረው ትንሹ አውሮፕላን ምሰሶውን አልፎ ገብስ ማሳው ጋ ደርሷል። መለስኩት። ሁለተኛው ዙርም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው የባከነውን ላካክስ ብዬ በኃይል ሳዞረው ክንፉ መሸከም ተሳነውና አፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ። ይኼ ከስድስት ወር በፊት ነው፣ ቦሩ ሜዳ ላይ።

ደሴ ውስጥ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ እጠግናለሁ። በምሰሶ ዙሪያ የሚደረግ የአውሮፕላን ውድድር መኖሩን ያወቅኩት ከቪዲዮ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሬኖ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ፓይለቶች መሬት ታክከው ምሰሶ ሲዞሩ ኖረዋል። ሬኖ ላይ የመጨረሻው በ2023 ተካሄደ። ያንን ሳይ ሳይ ነው በሪሞት የሚበሩት ትናንሾቹ ላይ የደረስኩት። ልቤ እዚያው ቀረ።

በትናንሾቹ ዓለም አቀፍ ደንብ ሦስት ምሰሶ ይተከላል። ሁለቱ በ40 ሜትር ይራራቃሉ፤ ሦስተኛው ከእነሱ 180 ሜትር ርቆ ይቆማል። አንዱ ዙር 400 ሜትር ነው፣ ሁልጊዜ ወደ ግራ፣ አሥር ጊዜ። ፈጣኖቹ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራሉ። ምሰሶውን በውስጥ የቆረጠ ይቀጣል።

ከባዱ ነገር አብራሪው አውሮፕላኑ ውስጥ አለመሆኑ ነው። መሬት ላይ ቆሞ ነው የሚያበረው። ሩቁን ምሰሶ አውሮፕላኑ ይለፈው አይለፈው ከቆመበት ሆኖ ዓይኑ አይለይም። ስለዚህ ትከሻው ሥር አንድ ሰው ይቆምና መቼ እንደሚያዞር ይነግረዋል። እኛ ጠሪ እንለዋለን። የእኔ ጠሪ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ አሥራ አራት ዓመቱ።

አውሮፕላናችንን የሠራነው ቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚመጣው ነጭ ፎም ነው። የሜዳውን ልክ ለሦስት አካፈልነው፤ ሩቁ ምሰሶ 60 ሜትር ላይ ነው። ምሰሶዎቹ ሸምበቆ ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ቢጫ ከረጢት ታስሯል። ሸምበቆ ቢመታ ይተጣጠፋል እንጂ ክንፍ አይሰብርም። አንድ እረኛ ከሩቁ ምሰሶ ራቅ ብሎ፣ ከመንገዳችን ውጪ ይቆማል። አውሮፕላኑ ሲያልፍ ከፍ አድርጎ የያዘውን ጋቢ ይጥላል። ሁላችንም የሞተር ሳይክል ሄልሜት እናደርጋለን።

ከፍታው አስቸግሮናል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለሉ ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ያው ክንፍ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ፈጠን ብሎ መብረር አለበት። መዞር ሲጨመርበት ይብሳል። አውሮፕላን 60 ዲግሪ ተጋድሞ ከፍታውን ሳይለቅ ሲዞር ክንፉ የሚሸከመው እጥፍ ይሆናል። እኔ ደግሞ የዘገየውን ዙር ለማዳን ከዚያም በላይ እስበው ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን የወደቀው በዚህ ነው። ሁለተኛውን ክንፉን ሰፋ፣ ባትሪውን አነስ አድርጌ ሠራሁት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከጦርነቱ በኋላ በእኛ አገር ሰማይ ላይ የሚሰማ የሞተር ድምፅ ሰው ያስደነግጣል። ስለዚህ ከቀበሌው ጋር ሳንነጋገር፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳናስታውቅ አናነሳውም። መጀመሪያ ሕፃናቱ በእጃቸው ይዳስሱታል። ልቅሶ ባለበት ቀን አንበርም። ኮምቦልቻ ደግሞ ኤርፖርት ስላለ አናስበውም።

ወደ ቃሉ ልመለስ። የእኛ አውሮፕላን በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ በሴኮንድ 19 ሜትር ነው። «ያዙሩት ጋሼ» ከነትንፋሹ ሴኮንድ ይወስዳል። ልጁን ያሳደጉት አያቱ ናቸው፤ አንቱታን ከወተት ጋር ነው ያጠጡት። «አሁን» በል አልኩት፤ ነፋሱ «አ»ን እየበላት «ሁን» ብቻ ይደርሰኛል። «አዙር»ም እንደዚያው። «ዙር» ግን እንደ ጅራፍ ነው፣ አንዴ ጮኾ ያበቃል።

«ዙር በለኝ» አልኩት። አቀርቅሮ ዝም አለ። በሳምንቱም አልቻለም፤ አፉ «ዙ» ላይ ደርሶ ይመለሳል። አልተቆጣሁትም። እሱን እንዲህ አድርጎ ያሳደገውን ነገር እኔም እወደዋለሁ።

አያቱ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውንም። ጉዳዩን ያነሳሁት በረካው ላይ ነው። ስለ ሸምበቆው፣ ስለ ጋቢው፣ ስለ 19 ሜትሩ አስረዳኋቸው። ፍንጃላቸውን አስቀምጠው ልጁን አዩት፣ ከዚያ እኔን።

«ሜዳው ላይ ይበልህ» አሉ። «ደጃፌ ላይ ግን እንዳልሰማ።»

የመጀመሪያውን «ዙር» በሹክሹክታ ነው ያላት። ከዚያ ቀስ በቀስ ድምፁ ወጣ። አሁን ከእኔ የሚበልጥበት ነገር አለ። ጋቢው እስኪወድቅ መጠበቅ እንደማያዋጣ በራሱ ደረሰበት፤ ቃሉ ጆሮዬ ደርሶ እጄ እስኪታዘዝ ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ አስቀድሞ ይጠራል። ነፋስ ከኋላ ሲገፋው የበለጠ ያስቀድማል፣ ከፊት ሲመጣ ትንሽ ይጠብቃል። ለማወቅ ሜዳው ላይ ያለውን ሣር ያያል። ይህን እኔ አላስተማርኩትም።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ደረስን። ዙር፣ ዙር፣ ዙር። ሰባተኛው ላይ ከምሰሶው ሥር በሬ ብቅ አለ፤ እረኛው ሮጦ መለሰው። ልጁ አልተናወጠም፤ ቃሉን ሰዓቱ ላይ ጣለልኝ። አሥረኛውን ስንጨርስ ስልኬ 1 ደቂቃ ከ38 ሴኮንድ ይላል። አንድም ምሰሶ አልቆረጥንም።

አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ ተንሸራቶ ቆመ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ ሄልሜቱን አውልቆ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለኝ። «ባትሪውን እኔ አወጣዋለሁ።»