ሰሜን ሸዋን በምንተኛበት መኪና

መኪና ውስጥ እያደሩ ሰሜን ሸዋን መዞር ይቻላል። እኔና ባለቤቴ አድርገነዋል። ውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የተሠራ መኪና አለ፤ አልጋውም ማብሰያውም አብሮት ይመጣል። እኛ ያለን ግን ያገለገለ ዶልፊን ሚኒባስ ነበር። እሱኑ ቤት አደረግነው።

የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀን "መንገዱ እንዴት ነው?" ብሎ ነው። መንገዱ ደህና ነበር። እኔ ብሆን የምጠይቀው "የት ነው ያደራችሁት?" ብዬ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጠዋት ውርጭ ላይ ተነስቶ ማታ ወባ አገር መድረስ ይቻላል። መኪናውን የምታቆሙበት ቦታ ብርዱንም፣ እንቅልፉንም፣ ከአገሬው ጋር የሚኖራችሁን ግንኙነትም ይወስናል። ስለዚህ እኛ መጀመሪያ የምናድርባቸውን ቦታዎች መረጥን፤ የቀኑ መንገድ ከዚያ በኋላ ራሱ ወጣ።

ጉዞው በ2011 ዓ.ም. መኸር ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ መስመር ብዙ ነገር አሳልፏል። በ2014 ጦርነቱ ደብረ ሲና ድረስ ደርሷል፤ ከዚያም በኋላ አካባቢው ሰላም አግኝቶ አልተረጋጋም። ዛሬ ለመነሳት የሚያስብ ሰው ከማንም በፊት እዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ ደውሎ ይጠይቅ። እኔ የምጽፈው ያኔ ያየነውን ነው።

መኪናውን እንዴት እንዳዘጋጀነው ልንገራችሁ። የኋላ ወንበሮቹን ፈታናቸው። በብሎን የታሰሩ ስለሆኑ ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ተመልሰው ይገጠማሉ፤ ምንም አላስቆረጥንም፣ ምንም አላስበየድንም። የሰፈራችን አናጢ በኮምፔንሳቶ ዝቅ ያለ አልጋ ሠራልን። ከሥሩ በተንሸራታች ሳጥን ምግቡ፣ ልብሱና የመኪናው መሣሪያ ገባ። ስፖንጅ ፍራሽ በአልጋው ልክ አስቆረጥን፤ ለመስኮቶቹ ወፍራም መጋረጃ ሰፋሁ። ውኃ በጀሪካን፣ መብራት በትንሽ ሶላር፣ ማብሰያ በትንሿ የጋዝ ምድጃ።

አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ጠቀመን። ብርድ ሲባል ሰው የሚያስበው ስለሚለብሰው ነው። መኪና ውስጥ ግን ብርዱ ከሥር ይመጣል። ወለሉ ብረት ነው፣ ከብረቱ ሥር ደግሞ ባዶ አየር አለ። ፍራሹ ሥር ምንጣፍ አነጠፍን፤ በኋላ መንዝ ስንደርስ ባና ገዝተን ጨመርንበት። የመንዝ በግ ጠጉር ሥራውን ያውቃል። ከላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደረብን። ከዚያ ወዲህ ብርድ ቀስቅሶን አያውቅም።

ከአዲስ አበባ ወጥተን በሰንዳፋና በአለልቱ በኩል ሸኖ ገባን። ሸኖ ላይ ለጋ ቅቤ ገዛን። ፍሪጅ አልያዝንም፤ ደጋው ላይ ማን ፍሪጅ ይፈልጋል? ጫጫን አልፈን ደብረ ብርሃን አደርን። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ2800 ሜትር ይበልጣል። ከተማዋን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው፤ ብርዷን እንዴት እንደቻሉት እንጃ። ያረፍነው አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነበር። ለማደሪያው ትንሽ ከፈልን፤ ዘበኛ አለ፣ መጸዳጃ ቤትም አለ። ስለ መጸዳጃ ሁሉም ሰው ይጠይቀኛል፣ ለመጠየቅ ግን ያፍራል። መልሱ ይኸው ነው፤ ማደሪያ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው እሱን ነበር።

ጠዋት ስንነቃ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። የመኪናው መስታወት ከውስጥ ይንጠባጠብ ነበር። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ እርጥበቱ ቀዝቃዛ መስታወት ላይ ውኃ ይሆናል፤ ብርድ ልብሱንም ያረጥባል። መፍትሔው ሲሰሙት ይከብዳል፤ በብርድ አገር መስኮት በትንሹ ከፍቶ መተኛት ነው። በግራና በቀኝ አንዳንድ ጣት የሚያህል እንከፍት ነበር።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለ። ደብረ ብርሃን ላይ አንዲት ደግ ሴት በርዷቸዋል ብላ ከሰል ያለበት ምድጃ አመጣችልን። አመስግነን ውጭ ሞቀን፤ ወደ መኪናው ግን አላስገባነውም። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ አለው። ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። በተዘጋ ቤት ስንት ቤተሰብ እንዲህ አልቋል። መኪና ደግሞ ከቤት እጅግ ይጠባል። የጋዝ ምድጃውንም በር ከፍተን እንጂ ዘግተን ለኩሰን አናውቅም።

ምግብ ላይ ከፍታው ሌላ ጣጣ አለው። 3000 ሜትር ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይንፈቀፈቃል፣ ግን ምስሩ አይበስልም፤ ጋዙ ያልቃል። ስለዚህ ቶሎ የሚደርስ ነገር ብቻ ያዝን፤ ሽሮ፣ ቋንጣ ለፍርፍር፣ በሶ፣ ቆሎ። በውርጭ ጠዋት ትንሿ ሲሊንደርም ጉልበት ታጣለች፤ ቡቴን ጋዝ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቆማል። ማታ ውኃ አፍልተን ፔርሙስ ውስጥ ማሳደር ጀመርን። ሻዩ ከአልጋ ሳንወርድ ደረሰ፤ ባለቤቴን በጠዋት ያስደሰተው ነገር ቢኖር ይህ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሸዋ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ደጅ ላይ በእ.ኤ.አ. 1841 የእንግሊዝ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ቆመዋል፤ ምኒልክም ከዚያው ነው የነገሡት። ከኮረብታው ላይ ሲታይ መሬቱ እየተቆራረጠ እስከ አፋር በረሃ ይወርዳል። ኮረብታው ላይ ለማደር አስበን ነበር። ነፋሱ ግን መኪናውን ያወዛውዘዋል። አንድ የአገሩ ሰው "ልጆቼ፣ ለማየት እዚህ፣ ለመተኛት አልዩ አምባ" አሉን። እውነታቸውን ነው። ከጅቡቲ ጠረፍ፣ ከታጁራ፣ ጨው ይዘው የሚመጡት ሲራራ ነጋዴዎች ሲገበያዩ የኖሩት ከአንኮበር ሥር፣ አልዩ አምባ ላይ ነው። ግመልም ነጋዴም ደጋውን አይወደውም። ወረድን፤ በጋቢ ብቻ ተኛን። በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ትንሽ መውረድ ብዙ ልብስ ይተካል።

ከዚያ ወዲህ ሜዳ ላይ ሳይሆን ተዳፋት ላይ ማቆም ለመድን። ቀዝቃዛ አየር ይወርድና ሜዳውና ጎድጓዳው ላይ ይተኛል። ገበሬው ያውቀዋል፤ ውርጭ ቀድሞ የሚመታው የሜዳውን ባቄላ ነው። ተዳፋት ላይ ግን የእጅ ፍሬን ብቻ አይታመንም፤ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል።

መንዝ ላይ የገጠመንን በሰፊው ልንገራችሁ።

ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈን በመዘዞ በኩል ወደ ሞላሌ ሄድን። ከ10 ሰዓት በኋላ አዲስ መንገድ አንጀምርም ብለን ስለተስማማን ፀሐይ ሳለች ማደሪያ መጠየቅ ጀመርን። አንድ አባት ከማሳቸው ሲመለሱ አገኘናቸው። ከመኪና ወርደን ሰላምታ ሰጥተን፣ ከግቢያቸው አጠገብ ለማደር ፈቃድ ጠየቅን። ፊታቸው ተለወጠ።

"ቤት እያለ መኪና ውስጥ? የእግዜር እንግዳ ደጅ አይተኛም።"

ባለቤታቸውም ከጓዳ ወጡ። "ኧረ ሰው ምን ይለናል?" አሉ። ነገሩ ገባኝ። እኛ እናስቸግራለን ብለን ነው ደጅ የመረጥነው። ለእነሱ ግን እንግዳ ደጅ ማደሩ ጎረቤት የሚያወራው ነውር ነው። "አይ፣ እኛ ይመቸናል" ብንል ቤታቸውን እንደመናቅ ይሆናል። ባለቤቴ ነገሩን አዳነው። "አባቴ፣ መኪናው ውስጥ ዕቃ አለ፤ ትተነው ብንገባ እንቅልፍ አይወስደንም። እራት ግን ከእናንተ ጋር ብንበላ ደስ ይለናል" አላቸው። ዕቃ መጠበቅ የሚያስከብር ምክንያት ነው። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዚህ ተስማማን።

እራት ቤት ውስጥ በላን። ቡናው እስከ ሦስተኛ ተጠጣ። እማማ እጄን አስታጥበው፣ አጉርሰው፣ ልጅ ስለመውለድ ሳይቀር መከሩኝ። አባባ ማታ ባትሪ ይዘው እስከ መኪናው ሸኙን፤ ውስጡን አይተው አልጋውን በእጃቸው ጫን አደረጉና "ደህና ነው" አሉ። ያን ሌሊት የተኛሁትን እንቅልፍ ቤቴም አልተኛሁም። ሰው የሚያውቀው ቦታ ላይ መተኛት ሌላ ነው።

ጠዋት ገንዘብ አልሰጠንም። ቅር ይላቸዋል። ከአዲስ አበባ ለዚሁ ብለን የያዝነውን ቡናና ስኳር ለእማማ ሰጠሁ፤ ከእኔ እጅ ወደ እሳቸው እጅ። በሌሎቹም መንደሮች እንዲህ አደረግን። በተጨማሪ ቀበሌ ጎራ ብለን መታወቂያችንን አሳይተን ማን እንደሆንን እንናገር ነበር። ማታ የማይታወቅ መኪና ቆሞ ሲታይ ሰው ይሰጋል፤ መስጋቱም ልክ ነው።

ጓሳ የሚባለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ የሚገኘው መሐል ሜዳ ከተማ ሳይደረስ ነው። ከ3200 ሜትር በላይ፣ ጅብራና አስታ የሞላበት ሣር። መግቢያ ከፍለን፣ ጥበቃዎቹ ባሳዩን ቦታ አደርን። የመንዝ ሰው ሣሩን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆታል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሲከፈት ለቤት ክዳንና ለገመድ ይታጨዳል። በ1967 የመሬት አዋጁ ሥርዓቱን ቢያዳክመውም ማኅበረሰቡ በሌላ መልክ መልሶ አቁሞታል። ያን ሣር ስረግጥ ለትውልድ የሚጠበቅ ነገር እንዳለን ኮራሁ።

ጓሳ ላይ መኪና ውስጥ ማደር ጥቅሙ በጠዋት ይታያል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች የሚያድሩት ገደል ላይ ነው፤ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። እኛ መጋረጃውን ገለጥ አድርገን ዝም አልን። ከመኪና የማይወርድ ሰው አያስደነግጣቸውም። ቆይቶ ቀይ ቀበሮ መጣና በመካከላቸው እየተራመደ አይጥ ማደን ጀመረ። ጭላዳዎቹ አልሸሹትም። እዚያው ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቆጥረው በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል፤ ቀበሮው ከጭላዳ ጋር ሲሆን ከሙከራው 67 በመቶ ይሳካለታል፣ ብቻውን ሲሆን 25 በመቶ። ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስቶ የሚመጣ ሰው ይህን ሰዓት አያገኘውም።

ጠባብ ቦታ ለባልና ሚስት ቀላል አይደለም። ቤት ስንኮራረፍ አንዳችን ወደ ሌላ ክፍል እንሄዳለን፤ እዚህ ሌላ ክፍል የለም። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ የተናደደ ሰው ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፣ የቀረው ቡና ያፈላል፣ ቡናው ሲደርስ ይጠራል። ተጠርቶ አልመጣም ማለት የለም። ሌላው ደግሞ የሚነዳው ሰው ማደሪያ አይፈልግም። እኔ ስነዳ እሱ ይጠይቃል፣ እሱ ሲነዳ እኔ። የደከመ ሹፌር ያገኘበት ቦታ ላይ ማቆም ይፈልጋልና።

ተመልሰን ጣርማ በር ስንደርስ ጉም ነበር፤ ከፊታችን ያለው መኪና አይታይም። ጣሊያን በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የበሳውን ዋሻ መብራት አብርተን አለፍን። ከዚያ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ከ3000 ሜትር በላይ ተነስቶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ 1300 ገደማ ነው። ይህን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያቃጥላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በወጣንበት ማርሽ ወረድን፤ ሁለተኛ፣ አንዳንዴ አንደኛ። ከኋላ ጡሩምባ የሚነፋ ሲመጣ ጥግ ይዘን አሳለፍን። ደብረ ሲና ላይ ቆመን እጃችንን ወደ ጎማው ጠጋ አድርገን ሙቀቱን አየን፤ ቆሎ ገዛን፤ እስኪበርድ ጠበቅን።

ሸዋ ሮቢት ላይ ብርድ ልብሱ ወደ ሳጥን ገባ፤ አጎበሩ ወጣ። ከ2000 ሜትር በታች ወባ አለ። ደጋ እየሄድን ነው ብሎ አጎበር የሚተው ሰው ይህን መስመር አላሰበውም ማለት ነው። ከመኪናው ጣሪያ መያዣ ላይ በአራት ማዕዘን አሰርነው፤ መስኮቱን በሰፊው ከፍተን ተኛን። ጠዋት ማሾና ሽንኩርት ገዝተን ወደ ዳገቱ ተመለስን። ዳገቱ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ናፍጣ ሞተሩ ይደክማል፤ አናጣድፈውም።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ቀጥለን የምንሄደው በሙከጡሪና በለሚ አድርገን፣ ጀማን ተሻግረን ዓለም ከተማ ነው። ያም ቁልቁለት ነው። ባለቤቴ የፍሬን ሸራው ሳይቀየር አልነሳም ብሏል፤ እኔም ቡናውንና ስኳሩን ከወዲሁ ለብቻ አስቀምጫለሁ።