«በጣም ረክቻለሁ» ብዬ የሞላሁት ቅጽ

የክሪሚኖሎጂ (የወንጀል ጥናት) ተማሪ ሆናችሁ ለተግባር ልምምድ ደሴ ከተመደባችሁ ይህን አንብቡት። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቤት ማግኘቱ አያስቸግርም። ሦስት ሆነን ሸዋበር አንድ ክፍል ተከራየን። ወፍራም ጃኬት ያዙ፤ የደሴ የጠዋት ብርድ አይቻልም። የድጋፍ ደብዳቤውንም አራት አምስት ኮፒ አድርጉት።

ፈተናው የተመደብኩበት ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ነው። ልምምዱ አራት ሳምንት ነበር። ሰኞ ደብዳቤውን ይዤ ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ና» ተባልኩ። በነጋታው «ይሄ ለበላይ መምሪያ ነው እንጂ ለእኛ አልተጻፈም» አሉኝ። አድራሻውን ለማስቀየር ትምህርት ክፍሌ ስደውል ስልክ የሚያነሳ የለም። እንዲህ ሲያመላልሱኝ ስምንት የሥራ ቀን አለቀ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሲቀበሉኝ ደግሞ መዝገብ ቤት አስቀመጡኝ። አቧራ የጠጡ፣ በሲባጎ የታሰሩ መዝገቦችን በዓመተ ምሕረት መደርደር ሆነ ሥራዬ። ከምርመራ ክፍሉ የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነው። ተጠርጣሪ ቃሉን ሲሰጥ አለማስገባታቸው ልክ ነው፤ የሰው ገመና ነው። ግን ኤግዚቢት፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ፣ እንዴት እንደሚመዘገብ እንኳ ያሳየኝ የለም።

ያዳነኝ ፍርድ ቤት ነው። የልምምዱ መመሪያ ከተመደባችሁበት ተቋም አትውጡ ይላል። እኔ ውጡ እላለሁ። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ደብዳቤ አይጠይቅም። አንድ ጠዋት የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ተጠርጣሪን አስሮ ለመመርመር ተጨማሪ ቀን የሚጠይቅበት ጉዳይ፣ ሲታይ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፖሊስ በሞባይል ስርቆት የጠረጠረውን ወጣት አቅርቦ 14 ቀን ጠየቀ። ስልኩ የጠፋው መነኸሪያ፣ ባለቤቱ ሻንጣ ሲያስጭን ነው። ኮኸንና ፌልሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ወንጀል እንዲፈጸም ምን ምን መገጣጠም እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፉት ፊቴ ድቅን አለ፦ ሊሰርቅ የተነሳ ሰው፣ ለስርቆት የተመቸ ዕቃ፣ ጠባቂ አለመኖር። ዳኛዋ ግን «እስካሁን ምን ሠራችሁ? ምን ቀራችሁ?» አሉ። መርማሪው ሁለት ምስክር እንደቀረው ተናገረ። ሰባት ቀን ፈቀዱለት።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 እና የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበትን 48 ሰዓት፣ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 እና 14 ቀኑን ለፈተና ሸምድጄ ነበር። 14 ቀን ጣሪያ እንጂ ፖሊስ በጠየቀ ቁጥር የሚሰጠው አለመሆኑ የገባኝ ግን ያን ዕለት ነው። በማግስቱም ሄድኩ።

የሚቆጨኝ የመጨረሻው ቀን ነው። ተቆጣጣሪዬ የተማሪ እርካታ ቅጹን ሰጥተውኝ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «እሱን ሙላና ስጠኝ፣ ያንተን ውጤት እኔ እሞላለሁ» አሉ። በቂ ልምድ አግኝተሃል? 5። ድጋፍ ተደርጎልሃል? 5። ሁሉንም 5 አከበብኩ። ኤ አገኘሁ። በዚያ ኤ ኮርቼ አላውቅም።

በዓመቱ አንዲት የታች ባች ተማሪ ደወለችልኝ። እዚያው ጣቢያ፣ እዚያው መዝገብ ቤት ናት። «እናንተ በጣም ረክታችኋል ተብሎ እኮ ነው እኛንም እዚህ የመደቡን» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። የፈራሁት ለአንድ ውጤት ነው፤ የከፈለችው ግን እሷ ናት።

ስለዚህ ቅጹን ማንም ፊት አትሙሉ። «ነገ ላምጣው» በሉ። ውጤታችሁ ተሞልቶ፣ ታሽጎ ይላክ፤ የእናንተን ከዚያ በኋላ በቀጥታ ለትምህርት ክፍሉ ስጡ። ቁጥር ብቻ አታክብቡ፤ ከታች ባለው ባዶ መስመር ላይ የዋላችሁበትን በቀን ቆጥራችሁ ጻፉ።

እኔም ዘግይቼም ቢሆን ለትምህርት ክፍሉ ጻፍኩ፦ ስምንት ቀን በር ላይ፣ አሥር ቀን መዝገብ ቤት፣ ሁለት ቀን ችሎት። እስካሁን መልስ የለም። ኮፒውን ለልጅቷ ላክሁላት፣ ችሎቱ የሚሰየምበትን ሰዓትም ጨምሬ።