የፔሮሉ ሁለተኛ ገጽ

«ሠራተኞቼን ምን ላድርጋቸው?» አለኝ ጓደኛዬ። ትናንት ማታ ነው፤ የእራቱን ሳህን እያነሳሁ ሳለ ደወለ። ኮተቤ አብረን ተምረን እኔ አዲስ አበባ ቀረሁ፣ እሱ ጎጃም ወደ ትውልድ አገሩ ተመልሶ የአንድ የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆነ። በአማራ ክልል ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በጦርነቱ ምክንያት ከተዘጉት ብዙ ትምህርት ቤቶች አንዱ የእሱ ነው። ሁለት ዓመት አልፎታል። ከመምህራኑ ገሚሱ ደብረ ማርቆስ ዘመድ ዘንድ ተጠግተዋል፣ አንዳንዶቹ አዲስ አበባ ገብተው የቀን ሥራ ይፈልጋሉ፣ የት እንዳሉ የማያውቃቸውም አሉ።

«አንቺ በኮሮና ጊዜ አልፈሽበታል፤ እስኪ ንገሪኝ» አለ።

ምን ልበለው? የእኔ መዘጋት ስምንት ወር ነበር። ጥይት አልነበረበትም፤ ደመወዝም ቢጎድል ጨርሶ አልቆመም። በዚያች ልምድ እሱን ለመምከር አፌ አልደፈረም። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ያንን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳወጣና ሳወርድ አደርኩ። የሚጠቅመው ነገር ካለኝ ያለው ካጠፋሁት ጥፋት ውስጥ ነው። እሱን ነው ዛሬ የምጽፈው።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ሰኞ ነበር። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን ይዘጉ ተባለ። 15 ቀን! ልጆቹ ደብተራቸውን ዴስክ ውስጥ ትተው ሄዱ፤ የነርሰሪዎቹ ውኃ መጠጫ ኮዳ ሳይቀር መደርደሪያው ላይ ቀረ። እኔም ለ15 ቀን የሚሆን ዕቅድ አወጣሁ። ያኔ ሳሪስ አካባቢ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበርኩ። 47 ሠራተኞች ነበሩን፤ 26ቱ መምህራን፣ 21ዱ ደግሞ ሞግዚቶች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ጥበቃዎች፣ የሰርቪስ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ ገንዘብ ያዥዋና ጸሐፊዋ። ፔሮሉ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ማለቴ ነው፣ ሁለት ገጽ ነው፤ መምህራን በመጀመሪያው፣ የቀሩት በሁለተኛው።

15ቱ ቀን አልቆ ሌላ ተጨመረ፣ መጋቢት 30 ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ፋሲካም ቤታችን እንደተቀመጥን አለፈ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የያዝኩት ሥራ መምህራኑን መጠበቅ ነበር። ለየክፍሉ የቴሌግራም ቻናል ከፈትን፤ መምህሩ ወርክሺት ያዘጋጃል፣ የክፍሎቹ ኃላፊ የሆነው ዩኒት ሊደር ያየዋል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ዕድሜያቸው የገፋው የሂሳብ መምህራችን ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንላቸውም ነበር። ጥያቄውን በእጃቸው በነጭ ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ ልጃቸው ፎቶ ታነሳዋለች፣ እሳቸው ማብራሪያውን በድምፅ ይልካሉ። ያ ድምፅ ከሁሉ ይበልጥ ይደመጥ ነበር፤ ወላጆችም ለራሳቸው ይሰሙት እንደነበር ነግረውኛል።

ከመምህራኑም ጋር ቢሆን ጀማሬዬ አላማረም። ሠራተኛ ከዓይኔ ሲርቅ ሥራው የሚቆም መሰለኝና በየቀኑ ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የሚላክ የሪፖርት ቅጽ አወጣሁ። ዛሬ ምን ሠራህ፣ ስንት ተማሪ መለሰልህ፣ ምን ችግር ገጠመህ የሚል። አንዷ የሁለተኛ ክፍል መምህርት በተከታታይ 11 ቀን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ልካለች፤ እኔ ያየሁት በ12ኛው ነው። ደወልኩላት። እናቷ ታመው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ወርክሺቱን እዚያው አልጋቸው ሥር ቁጭ ብላ ነበር የምታዘጋጀው። «ችግር» የሚለውን ቦታ ለምን ባዶ ተውሽው ብላት፣ «ለቅጽ ምን ብዬ ልንገረው?» አለችኝ። በማግስቱ ሪፖርቱን አስቀረሁት። ማክሰኞና ሐሙስ ራሴ እየደወልኩ ማነጋገር ጀመርኩ፤ ከ26ቱ ለእያንዳንዳቸው ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ። የልጅ ጉንፋን፣ የቤት ኪራይ፣ የጤፍ ዋጋ እናወራለን። ሥራው ራሱ በወሬው መሃል ይመጣል። ኮራሁ ማለት እችላለሁ፤ መምህራኔን ይዣለሁ ብዬ።

ገንዘቡ ግን እየሸሸ ነበር። ትምህርት ሚኒስቴር የግል ትምህርት ቤቶች ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ወስኗል። ወላጁም ሱቁን ዘግቶ፣ ሆቴሉ አሰናብቶት ቤቱ ተቀምጧል፤ በሚያዝያ የከፈለው ሲሦ አይሞላም። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ደንብም አሠሪዎች እንዳሻቸው ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ከልክሎ ነበር። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም፤ የመጋቢትንና የሚያዝያን ደመወዝ ከኪሱ ጨምሮ ሙሉውን ከፍሏል። ከግንቦት ጀምሮ ግን አልቻለም። ሦስት ሆነን ተሰበሰብንና ወሰንን፤ በቴሌግራም የሚያስተምሩ ስለሆኑ ለመምህራን 75 በመቶ፣ ቤታቸው ለተቀመጡት 50 በመቶ። ሰው አናሰናብትም፣ ሁሉም ተስማምቶ ይፈርማል። ፍትሐዊ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የሁለተኛውን ገጽ አንዱን መስመር እንኳ በብር አላሰብኩትም። 1,800 ብር የምታገኝ ሞግዚት ግማሹ 900 ብር ነው። 900 ብር በግንቦት 2012 የአንዲት ክፍል ኪራይ እንኳ አይሞላም ነበር።

ይህን የነገረችኝ የነርሰሪ ሞግዚታችን ናት፤ የነገረችኝም ስለ ገንዘቡ አንዲት ቃል ሳትናገር ነው። ለፊርማው በየተራ እንዲመጡ ቀን ሰጥተን ነበር። ታክሲ በግማሽ ሰው እየጫነ ዋጋው እጥፍ በሆነበት ጊዜ ነውና ከጀሞ ሳሪስ ድረስ በእግሯ መጥታለች። በሩ ላይ እጇን ታጠበች፣ ማስኳን አስተካከለች፣ ገብታ ወረቀቱ ላይ ፈረመች። እስክሪብቶውን ስትመልስልኝ፣ «እትዬ፣ ቁጥሬ አለዎት ወይ?» አለችኝ። አዎ መዝገብ ላይ አለ አልኳት። «ማንም ሳይደውልልኝ ሲቀር የጠፋ መስሎኝ ነው» አለችና በብጣሽ ወረቀት ላይ ደግማ ጽፋ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

ሁለት ወር ሙሉ! ለ26 ሰው በየሳምንቱ ስደውል ለ21ዱ አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም። ክፋት አልነበረኝም። ሥራ ብዬ የያዝኩት ቴሌግራም ላይ ያለውን ብቻ ስለነበር፣ እነሱ ቴሌግራም ላይ ስላልነበሩ ከዓይኔም ከልቤም ወጡ። ያችን ልጅ ለስድስት ዓመት በየጠዋቱ ጉንጯን ስሜ ሰላም እላት ነበር። አንድ ሰው ሥራው ሲቆም ሰላምታውም አብሮ የሚቋረጥበት ከሆነ ቀድሞስ ሰላምታው ለማን ነበር? ያንን ቀን ቢሮዬን ከውስጥ ቆልፌ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሂሳቡን በእጄ ሠራሁት። ለሁለተኛው ገጽ ሙሉ ደመወዙን ለመመለስ በወር ወደ 19 ሺህ ብር ያስፈልጋል። የእኔንና የምክትሌን ደመወዝ ወደ ግማሽ አወረድኩት፤ መምህራኑን ደግሞ አንድ በአንድ ደውዬ ከ75ቱ 5 እጅ ትለቃላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሁለቱ አልችልም አሉ። ምክንያታቸውን አልጠየቅኩም፣ ዛሬም ቅር አይለኝም፤ የሰው ቤት ውስጥ ያለውን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው። ሃያ አራቱ እሺ አሉ። የጎደለውን ይዤ ባለቤቱ ዘንድ ሄድኩ። ወረቀቱን ረጅም ሰዓት አየው፤ «እስከ ሰኔ እሞክራለሁ» አለኝ።

ስለዚያ የስምምነት ፊርማም ሳልናገር አላልፍም። ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው እስክሪብቶ ሲሰጡት ይፈርማል። ጥበቃችን ጋሼ ያኔ 58 ዓመታቸው ነበር። ጡረታቸው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው፤ ለጡረታ የሚገባው፣ ከሠራተኛው 7 በመቶ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚቆጠረውም ከሚከፈለው ደመወዝ ነው። ግማሽ የተጻፈባቸው ወር ሁሉ ጡረታቸው ድረስ ይከተላቸዋል። ይህን ሳላስረዳቸው ነበር ያስፈረምኳቸው። ሙሉውን ስንመልስ የቀደመውን ወረቀት ፊታቸው ቀደድኩት።

ደመወዙ ሲስተካከል ጥያቄው አላለቀም። ያለ ሥራ መቀመጥ ሰውን ይሰብራል። ሹፌሮቹ በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ መኪናውን ያስነሱ ነበር፤ ባትሪው እንዳይሞት። የጽዳት ሠራተኞቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ የቤተ መጻሕፍቱን የተቀደዱ መጻሕፍት በሙጫ ጠገኑ። ሞግዚቶቹ ግን ሥራቸው ልጆቹ ናቸው፤ ልጆቹ ደግሞ የሉም። ሐሳቡን ያመጣችው ያችው የጀሞዋ ናት። «እኔ ብደውልላቸውስ?» አለች። ለእያንዳንዷ ሞግዚት የ50 ብር ካርድና የአሥር አሥራ ሁለት ልጆች የወላጅ ስልክ ሰጠናት። በሳምንት ሁለቴ ትደውላለች። ምሳህን በላህ? እጅህን ታጠብክ? ያቺን መዝሙር እስኪ በልልኝ። የአራት ዓመት ልጅ በቴሌግራም የመጣ ወርክሺት ምን ይገባዋል? የሞግዚቷን ድምፅ ሲሰማ ግን ይጮሃል፣ ስልኩን ይስማል። አንዲት እናት ልጄ ከተዘጋ ወዲህ በደንብ ያወራው ዛሬ ነው ብላ ደውላ አመሰገነችኝ። ምስጋናው ለእኔ አይገባም ነበር፤ አስተላልፌላታለሁ።

ከዚያ ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ። በማግስቱ ጠዋት ስንነሳ ኢንተርኔት የለም። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ወራት የለፋንበት ቻናል፣ ወርክሺት፣ የመምህራን ግሩፕ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ድምፁ ጠፋ። ከተማው ውስጥ ሰው ወጥቶ አይገባም፣ ማን የት እንዳለ አይታወቅም። ስልክ ግን ይሠራ ነበር። የእያንዳንዱን ቤተሰብ ቁጥር በወረቀት ጽፈው የያዙት ሞግዚቶቹ ነበሩ፤ በሦስት ቀን ውስጥ የነርሰሪና የኬጂ ቤተሰቦች ሁሉ ደህና መሆናቸውን ያረጋገጡልኝ እነሱ ናቸው። የሞግዚቶቹን ሥራ አይተን የላይኞቹን ክፍሎች ቤተሰቦችም ለመምህራኑ በዚያው መንገድ አካፈልን። ሁለተኛው ገጽ ነው የመጀመሪያውን የተሸከመው።

በ2013 ትምህርት ቤቶች ከጥቅምት ጀምሮ በየደረጃው ሲከፈቱ እኛም በተራችን ከፈትን። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ ልጆቹ ቀን በቀን እየተፈራረቁ መጡ። አራት መምህራን አልተመለሱም። ከሁለተኛው ገጽ የቀረው አንድ ረዳት ብቻ ነው፤ እሱም አገሩ ገብቶ እርሻ ጀምሯል።

ይህን ሁሉ ዛሬ ማታ ራሴው ደውዬ ለጓደኛዬ ነገርኩት። ስልኩ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ሲወጣ ብቻ ስለሆነ ንፋሱ በድምፁ መሃል ይገባል። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ስለ ጥበቃው ነገረኝ። ደመወዙ ከማኅበረሰቡ መዋጮ ነበር የሚወጣው፤ ትምህርት ሲቆም መዋጮውም ቆመ። ሰውዬው ግን አልሄደም። ዴስኮቹን ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ደርድሮ እሱም እዚያው ይተኛል፤ ለማገዶ እንዳይወሰዱ። ጓደኛዬ ደመወዙ ሲመጣ፣ እሱም ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ 500 ብር ይሰጠዋል።

«መምህራኑን እንጂ እሱን ሠራተኛ ብዬ ቆጥሬው አላውቅም» አለኝ።

ሁሉንም ጥራልኝና ልጻፋቸው አልኩት። ደብተር አመጣሁ። ከጥበቃው ጀመረ። ስም፣ ያለበት ቦታ፣ ስልክ ካለው ስልኩ። አዲስ አበባ ያሉትን እኔ እፈልጋቸዋለሁ፤ ቢያንስ ሁለቱን የማስጠጋበት ቦታ አስቤያለሁ። 14ኛው ላይ ደርሰን የጽዳት ሠራተኛዋን ስም እያለ ሳለ መስመሩ ተቆረጠ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አይነሳም። ከ13ቱ የአምስቱ ቁጥር ባዶ ነው። 14ኛው መስመር ላይ «የጽዳት» ብዬ ጽፌ ቦታውን ክፍት ትቻለሁ፤ ነገ ማታ ኮረብታው ላይ ሲወጣ ይደውላል።