ይተኛ፣ ደክሞት ይሆናል

ካርካሶን የሚባለውን የንጣፍ ጨዋታ ማስረዳት ቀላል ነው። ከባዱ ያስረዱት ሰው ሲያሸንፍ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ክላውስ ዩርገን ቭረደ የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ታትሞ በማግሥቱ ዓመት በጀርመን የዓመቱ ጨዋታ ሽልማትን ወስዷል። ስሙ በደቡብ ፈረንሳይ ካለችው ባለ ግንብ ከተማ የመጣ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ከተማ፣ መንገድ፣ ሜዳና ገዳም የተሳለባቸው 72 አራት ማዕዘን የካርቶን ንጣፎች አሉ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 8 የእንጨት ሰዎች ይደርሱታል፤ አንዱ ነጥብ መቁጠሪያው ላይ ስለሚቆም ለሥራ የሚቀሩት 7 ናቸው። ይህችን 7 ያዙልኝ፤ የጠቡ ሁሉ ምንጭ እሷ ናት።

ጠረጴዛው ዙሪያ አራት ነበርን፤ እኔ፣ ጓደኛዬ፣ የአክስቴ ልጅ፣ እና «እኔ እንኳ ዝም ብዬ ልይ» እያሉ ወንበር የሳቡት አክስቴ። አስረጂው እኔ ነኝ። ተራ የደረሰው ሰው አንድ ንጣፍ ያወጣል፤ ከተማው ከከተማ፣ መንገዱ ከመንገድ፣ ሜዳው ከሜዳ እንዲገጥም አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ከፈለገ እዚያው ባስቀመጠው ንጣፍ ላይ ብቻ አንድ ሰው ያቆማል፤ የተዘጋ ነገር፣ ማለትም ክፍት ጫፍ ያልቀረው ከተማ ወይም መንገድ፣ ወይም ዙሪያው የሞላ ገዳም ካለ ነጥብ ይቆጠራል። ጀማሪ የሚሳሳተው ቅደም ተከተሉን ነው። ሰውዬው ወደ እጅ የሚመለሰው ነጥብ ከተቆጠረ በኋላ ስለሆነ፣ ባዶ እጁን የቀረ ተጫዋች መንገድ ቢዘጋም የተመለሰለትን ሰው በዚያው ተራ ሊያቆመው አይችልም። አራት ሆኖ ሲጫወቱት ለአንድ ሰው የሚደርሰው 17 ወይም 18 ተራ ብቻ ነው፤ አንድ ተራ በከንቱ ማለፉ ያንገበግባል።

ከተማ ውስጥ የቆመው ፈረሰኛ ይባላል፤ መንገድ ላይ ያለው ሽፍታ፣ ገዳም ያለው መነኩሴ፣ ሜዳ ላይ የተጋደመው ገበሬ። የተዘጋ ከተማ በንጣፍ 2፣ ጋሻ የተሳለበት ንጣፍ ካለው በጋሻ ሌላ 2 ይከፍላል። የተዘጋ መንገድ በንጣፍ 1 ነው። ገዳም ዙሪያውን 8 ንጣፍ ሲከበብ 9 ያስገኛል። ገበሬው ግን አመለኛ ነው፤ አንዴ ከተኛ ጨዋታው እስኪያልቅ አይነሣም፣ ሒሳቡንም የሚቀበለው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሜዳው ለሚነካው ለእያንዳንዱ የተዘጋ ከተማ 3 ነጥብ።

አክስቴ ሦስተኛ ተራቸው ላይ አንዱን የእንጨት ሰው ይዘው «እዚህ ሣር ላይ ላስተኛው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ እስከ መጨረሻው አይነሣም። ከሰባት አንድ ሰው ጎደለብዎ ማለት ነው።»

«ይተኛ፣ ደክሞት ይሆናል» አሉና አስተኙት።

ልጃቸው ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ሰፊ ሜዳ መሃል፣ ገና ጥቂት መንገድ በተዘረጋበት ሰዓት የተኛ ገበሬ ማለት ግን ቀልድ አይደለም። ሜዳን የሚቆርጠው መንገድና የከተማ ግንብ ነው፤ ገዳም አይቆርጠውም። ስለዚህ አክስቴ መንገድ የተሳለበት ንጣፍ በወጣላቸው ቁጥር «ይሄ ሣሬን ያበላሽብኛል» እያሉ ዳር ዳር ወስደው ይተክሉት ነበር። እኛ ንጽሕና የሚወዱ መስሎን ነበር።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ግንበኛ ነው። ከተማው በጨዋታው አጋማሽ 7 ንጣፍና 4 ጋሻ ደርሶ ነበር። ሰው ባለበት ከተማ ውስጥ ሌላ ሰው ማቆም ክልክል ነው፤ ሁለት የተለያዩ ከተሞችን በኋላ ማገናኘት ግን ይፈቀዳል። እኔም ከጎኑ ራቅ ብዬ አንድ ፈረሰኛ አቆምሁና በሚቀጥለው ንጣፍ ከተማዬን ከከተማው አጋጠምሁት። አንድ ለአንድ እኩል ስንሆን ነጥቡን አንካፈልም፤ ሁለታችንም ሙሉውን እንወስዳለን። እሱ ግን ተናደደና በዚያው ዘዴ ሁለተኛ ፈረሰኛ አስገባ። ሁለት ለአንድ ሲሆን ብዙ ሰው ያለው ሁሉንም ይወስዳል፣ እኔ ዜሮ።

እንግዲህ ያ ከተማ ቢዘጋ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል? ለመዘጋት አንድ ቀዳዳ ቀርቶት ነበር፤ በሦስት ወገኑ ከተማ የከበበው። በአራተኛው ወገን ባዶ ቦታ ላይ መንገዱ ወደ ቀዳዳው የሚያመራ ንጣፍ አስቀመጥሁ። ከዚያ ወዲያ የሚገባው ሦስት ጎኑ ከተማ፣ አንድ ጎኑ መንገድ የሆነ ንጣፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከ72ቱ 3 ብቻ ነው። ሁለቱ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ብዙ ጎኑ የተወሰነ ቀዳዳ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ባለ ጠማማ መንገድ ንጣፍ 9 አለ፣ ባለ ቀጥታ መንገድ 8 አለ፣ አራቱም ጎኑ ከተማ የሆነ ግን 1 ብቻ ነው። ለማገድ የሚፈልግ ሰው ከመጫወቱ በፊት እነዚህን ቁጥሮች ይያዝ።

የአክስቴ ልጅ ተስፋ አልቆረጠም። «አንዷ አለች» እያለ ክምሩን ያፈጥበታል። ስልኩ ጠራና ሊያነሣ ወጣ። ተራው የእናቱ ነበር። አወጡ። ያቺው ናት፤ ሦስት ጎን ከተማ፣ አንድ ጎን መንገድ።

«ይቺ መንገድ አላት» አሉ ፊታቸውን ቋጥረው፤ ከሣራቸው አርቀው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ካለች ትንሽ ከተማ ጋር ገጠሟት። እኔ ምን አገባኝ፤ ሕጉ ምክር ስጥ አይልም። ጓደኛዬ ጣራውን ያያል።

ልጁ ሲመለስ የሆነውን አየ። «እማዬ! ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ? ገጠመ እኮ።»

ቢዘጋ በ12 ንጣፍና በ4 ጋሻ 32 ነጥብ የሚያስገኝ ከተማ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። ያልተዘጋ ከተማ መጨረሻ ላይ በንጣፍ 1፣ በጋሻ 1 ስለሚቆጠር ከ11 ንጣፍና ከ4 ጋሻ የተረፈው 15 ነው። ከነጥቡ በላይ ያቃጠለው ግን ሁለት ሰው እዚያው ታስሮበት በአምስት መቅረቱ ነው። የእኔም አንዱ አብሮ ታስሯል፤ አንድ ሰጥቶ ሁለት ማሰር ግን አዋጭ ንግድ ነው።

ወደ መጨረሻው ስንጠጋ የአክስቴን ሜዳ ቀና ብዬ አየሁት። የተዘጉ ከተሞች ዙሪያውን አጥረውታል። አጠገቡ ባለ ቁራጭ ሜዳ ላይ የራሴን ገበሬ አስተኛሁና ሁለቱን ሜዳ አገናኘሁ፤ እኩል ከሆንን እኔም ሙሉውን እበላለሁ። አክስቴ መነጽራቸውን አስተካከሉ፣ በሌላኛው ዳር ሁለተኛ ገበሬ አስተኙ፣ በሚቀጥለው ተራ አገናኙት። «ቅድም ልጄ ያደረገውን ነው፤ ይቻላል አይደል?» ይቻላል፣ እትዬ።

ንጣፉ ሲያልቅ እኔ 63፣ ልጁ 60፣ ጓደኛዬ 57፣ እሳቸው 51 ነበሩ። ከዚያ የመጨረሻው ቆጠራ መጣ። እኔ ካልተዘጋ መንገድ 4 አግኝቼ 67፤ ልጁ 15 ጨምሮ 75፤ ጓደኛዬ ምንም። አክስቴ 6 ጎረቤት ብቻ ካለው ገዳም 7፣ ከሜዳው ደግሞ 8 ከተማ በ3 ሲባዛ 24፤ ድምሩ 82። ከ8ቱ ከተሞች አራቱን፣ ባለ ሁለት ንጣፍ ትንንሾቹን፣ የዘጋቸው ልጃቸው ራሱ ነው።

ልጁ አልተዋጠለትም። በመጀመሪያው እትም የገበሬ ሕግ የተለየ እንደነበር ያውቃልና «በአሮጌው ሕግ እንቁጠር!» አለ። ቆጠርንለት። በአሮጌው ሕግ ባለ ሁለት ንጣፍ ከተማ የሚከፍለው 4 ሳይሆን 2 ነው፤ አራቱ ከተሞቹ 8 ነጥብ ቀነሱበትና 67 ላይ ወረደ። ለገበሬ ደግሞ በከተማ የሚከፈለው 4 ነበር። የእናቱ ሜዳ 32 ሆነ፤ ድምራቸው 90።